ቅጠል በሊታ ነፍሳት በዳንግላ ደንና ማሳ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ከዳንግላ ገበያ ግብጦ ሸምቶ የሚመለስ ሰው ወዲያው አይበላውም። ቆልቶ፣ በጆንያ ከትቶ፣ ከወራጅ ውኃ ውስጥ ለበርካታ ቀናት ይዘፈዝፈዋል። ምሬቱ በወንዙ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው ልጣጩን ገፎ ለቤተሰቡ ወይም ለእንግዳው የሚያቀርበው። የአዊና የጎጃም ሕዝብ ይህን ምሬት ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የሚያስወግድበትንም ዘዴ ከማንም ሳይማር አግኝቶታል። ይሁን እንጂ ምሬቱ መጀመሪያውኑ በተክሉ ውስጥ ለምን እንደ ተገኘ የጠየቀ ሰው ብዙ አይደለም። ስለ ቅጠል በሊታ ነፍሳት የሚደረግ ንግግር ከዚህ ጥያቄ ቢነሣ ያላግባብ አይሆንም።

የግብጦ ምሬት የሚመጣው አልካሎይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን ከእነርሱም ዋነኛው ሉፓኒን ይባላል። ተክሉ ይህን በቅጠሉ ውስጥ ይሠራል፤ በኋላም በዘሩ ያከማቻል። ከብት ከግብጦ ማሳ ቢገባ ቀምሶ ይተወዋል፤ ክሽክሽና ትልም በአብዛኛው ይሸሹታል። ገበሬው ግብጦን በደከመ መሬት ላይ በጥቂት እርሻ ዘርቶ ያለ ብዙ ድካም የሚያፍሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ነገሩ ግምት ብቻ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ማዳቀል ሊቅ እጅግ ብዙ የግብጦ ዘመድ ተክሎችን አንድ በአንድ መርምሮ ምሬት የሌላቸውን ጥቂቶች ለይቶ አወጣ። ዘሩ ሳይዘፈዘፍ ለከብት መኖ ይሆን ዘንድ ታስቦ ነበር፤ ሆነም። ነገር ግን ጣፋጩ ግብጦ ከማሳ ላይ በቆመ ጊዜ ጥንቸሉም፣ ክሽክሹም፣ ሌላውም ቅጠል በሊታ ተሰለፈበት። መራራው ጎን ለጎን በቅሎ ሳይነካ ሲቀር ጣፋጩ ጠባቂ ፈለገ። ሰው ለምላሱ ብሎ ከተክሉ ላይ የነጠቀውን ጋሻ ራሱ ሊሸከምለት ግድ ሆነበት። በኢትዮጵያም ጣፋጭ የግብጦ ዝርያዎችን የማላመድ ሥራ ስለ ተጀመረ ይህ ታሪክ ለዳንግላ ሩቅ አይደለም።

ሆኖም የትኛውም ጋሻ ለሁሉ አይበቃም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖር አንድ የክሽክሽ ዓይነት መራራውን ግብጦ ይመርጣል። መርዙን ከተክሉ ጭማቂ ጋር ይመጠዋል፤ በገላውም ውስጥ ያጠራቅመዋል። ይህ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ ብሪታንያ ተሻግሮ ከዚያም በአውሮፓ በተስፋፋ ጊዜ እርሱን የበላ ጢንዚዛ ደንዝዞ ሲወድቅ ታይቷል። ተክሉ ለራሱ የሠራውን መከላከያ ነፍሳቱ ወስዶ ለራሱ መከላከያ አደረገው ማለት ነው።

በሰው ማዕድ ላይ የሚገኘው ጣዕምና ሽታ በብዙው የዚህ የረጅም ዘመን ትግል ትራፊ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለነፍሳት መርዝ ነው። በጣና ዙሪያ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያገለግል የኖረው የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የተባለውን ነፍሳት ገዳይ ንጥረ ነገር ይዟል። ተመራማሪዎች የብርብራን ዱቄት ለእህል ተባይ መከላከያነት የፈተኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። የመድኃኒት አዋቂውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ቡና አፍዪዋም ሳያውቁት የነፍሳቱ ባለዕዳዎች ናቸው።

ከማሳው ወደ ደኑ ሲታለፍ የነፍሳቱ ሌላ መልክ ይታያል። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይነፍጋት ወይና ደጋ ናት። በዙሪያዋ የነበረው የተፈጥሮ ደን ግን ዛሬ በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በወንዝ ዳር ተወስኖ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ያልተበሳ ቅጠል ለማግኘት ይቸገራል። በሐሩር አካባቢ ደኖች ነፍሳት በዓመት የሚበሉት ቅጠል በአማካይ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ ከዚህ እጅግ የሚበልጥበትም ደን አለ። ዛፉ ግን አይሞትም። የተበላው ቅጠል በነፍሳቱ ሆድ ተፈጭቶ፣ ኩስ ሆኖ ከዛፉ ሥር ይወርዳል፤ በወቅቱ ከሚረግፍ ደረቅ ቅጠል ይልቅ ፈጥኖ ስለሚበሰብስ በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ወደ ሥሩ ቶሎ ይመለሳል። በላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ቀዳዳ ሲበዛም ብርሃን ወደ ታች ይዘልቃል፤ ለዓመታት ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ችግኝ ዕድገት ይጀምራል።

ከዚህም በላይ ትሉ ራሱ ምግብ ነው። ዘር በሊታ ከሆኑት ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በዘር ሳይሆን በትል ነው። በዚህ ረገድ ዳንግላ የራሷ ታሪክ አላት። የብሪታንያ ቆንስላ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ቆንስል ሆኖ የኖረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሚታወቀው ጣናንና ዓባይን በመመርመሩ ቢሆንም የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ወፎችም እየሰበሰበ ወደ አገሩ ልኳል። ለአንድ ዲፕሎማት ያልተለመደ ትጋት ነው። የወፍ ስብስብ በአንድ አገር ማን እንደሚኖር ያስረዳል፤ ወፎቹን ያኖራቸው ምን እንደ ነበር ለማወቅ ግን ቅጠሉን መገልበጥ ያስፈልጋል።

ቅጠሉን የመገልበጡ ሥራ በአማራ ክልል ተጀምሯል። አሜሪካዊቷ የዛፍ አናት ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ከኢትዮጵያዊው የደን ሳይንቲስት ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጋር ሆና በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ነፍሳትን ሰብስባለች። ደኖቹን ከከብትና ከእርሻ መስፋፋት ለመጠበቅም ከየደብሩ ማኅበረሰብ ጋር በመተባበር የድንጋይ ካብ ተገንብቷል። በዚህ ጉባኤ ላይ ይህን ማንሣት ያስፈለገው እነዚያ ደኖች ለገበሬው የሚሰጡት ጥላና ምንጭ ብቻ ስላልሆነ ነው። የማሳውን ትል የሚያድኑት ተርቦች፣ ሸረሪቶችና ወፎች በበጋ ወራት ማሳው ባዶ ሲሆን መጠጊያ ይሻሉ፤ ዓመቱን ሙሉ አበባና ጥላ የማያጣው ደግሞ ደኑ ነው።

ይህ በማሳው ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለመረዳት በቆሎን መመልከት ይበቃል። በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ሰብል ነው። ወደ አፍሪካ በገባ ጊዜ በማሽላና በዱር ሣሮች ላይ ይኖር የነበረው አገር በቀሉ አገዳ ቆርቋሪ አዲሱን ሰብል ለስልሶ አገኘውና ተዛመተበት። እናቲቱ የእሳት እራት ዝናብ ሲጀምር ከደረቅ አገዳ ውስጥ ትወጣለች፤ እንቁላሏንም በቅጠሉ እግርና በአገዳው መካከል ትደብቃለች። የተፈለፈሉት ትሎች በመጀመሪያ የተክሉን እምብርት ይመገባሉ፤ ቀጥሎም አገዳውን በስተው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት አያገኛቸውም። ክረምቱ ሲያልፍ ትሉ በደረቀው አገዳ ውስጥ ተኝቶ የሚመጣውን ዝናብ ይጠብቃል።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ የበቆሎ የጥንት ጠላት ከትውልድ አገሩ ተከትሎት መጣ። መጤው ተምች እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ በማግሥቱ በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተገኘ። በዚያው የሰብል ወቅትም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዳረሰ። ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው አገር በቀሉ ተምች በድንገት እንደ ሠራዊት ወርዶ፣ ያገኘውን ሣርና ሰብል አጭዶ የሚያልፍ ነው። መጤው ግን መጥቶ የሚቀር ሆነ። በብዙ ስፍራዎች ሕዝቡ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ወጥቶ ትሉን በእጁ ለቀመ፤ ጎን ለጎንም የኬሚካል ርጭት ተስፋፋ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ድንጋጤ የሚያስወቅስ አይደለም። በቆሎ ለብዙ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው፤ እምብርቱ ተቦድሶ፣ ቅጠሉ ተበጣጥሶ ያየ ሰው ዓመቱ እንዳለቀ ቢቆጥር አያስደንቅም። ይሁንና ዓይን ያየውና ጎተራ የገባው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። በጋናና በዛምቢያ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ተጠይቀው የገመቱት የምርት ቅናሽ በጋና 45 በመቶ፣ በዛምቢያ 40 በመቶ ያህል ነበር። ቆየት ብሎ በምሥራቅ ዚምባብዌ ተመራማሪዎች በማሳው ውስጥ ገብተው የተጎዳውን ተክል ቆጥረው፣ ምርቱንም መዝነው ያገኙት ቅናሽ 12 በመቶ ገደማ ሆነ። አገሩና ዘመኑ ስለሚለያይ ሁለቱን እንደ አንድ መለኪያ መውሰድ አይገባም። ቢሆንም በቆሎ በልጅነቱ ያጣውን ቅጠል በብዙው የሚተካ ተክል መሆኑ የታወቀ ነው። ለርጭት ውሳኔ የሚሰጠው ባለሙያ በየትኛው ቁጥር እንደሚመራ ማሰብ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሊትር ኬሚካል ነውና።

ከሁሉ የሚደንቀው በዚያው በ2009 ዓ.ም. ወቅት የታየው ነው። ተመራማሪዎች በሐዋሳ፣ በጅማና በአዋሽ መልካሳ አካባቢ መጤውን ተምች ከማሳ ለቅመው በቤተ ሙከራ ሲያሳድጉ ከብዙዎቹ ትሎች ገላ ውስጥ የወጣው የእሳት እራት ሳይሆን ትንሽ ጥገኛ ተርብ ሆኖ ተገኘ። ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለችው ይህች ተርብ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ነበር። ስሟ በናይሮቢ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የተወሰደ ሲሆን በሳይንስ መዝገብ የሰፈረችውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሰው ስም ሳያወጣላት በፊት በአፍሪካ ሣርና ማሳ ውስጥ ስትሠራ የኖረች ፍጥረት እንግዳውን ጠላት በገባበት ዓመት አወቀችው።

ተርቧ ትሉን እንዴት ታገኘዋለች? በሄክታር ሙሉ በቆሎ መካከል በአንድ እምብርት ውስጥ የተደበቀን ትል መፈለግ ከሣር ክምር መርፌ ከመፈለግ አይሻልም። እዚህ ላይ ተክሉ ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቆሎ በትል ሲበላ፣ የትሉ ምራቅ ከቁስሉ ጋር ሲነካካ ልዩ ሽታ ማመንጨት ይጀምራል፤ ጥገኛ ተርቦችም ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። ሽታው ከተጎዳው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ከመላው ተክል ይወጣል። ግብጦ ራሱን በምሬት ሲጠብቅ በቆሎ በጩኸት ይጠብቃል ቢባል ያስኬዳል።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ተርብ ግን የምታርፈው ትናንት መድኃኒት በተረጨበት ቅጠል ላይ ከሆነ እርሷም ትሞታለች። ትሉ በእምብርቱ ውስጥ ተሸሽጎ ሊተርፍ ይችላል፤ ከተረፈም በሚቀጥለው ትውልድ ያለ ጠላት ይራባል። ለዳንግላ ሌላም ስጋት አለ። አዊ የማር አገር ነው። ንብ በቆሎው ጸጉር ሲያወጣ ወንዴ ዘሩን ትቀስማለች፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ወደ ኑጉ አበባ ትሻገራለች። የበቆሎው ማሳና የኑጉ ማሳ በአንድ ድንበር በሚዋሰኑበት አገር የሚረጨው ሰው ለትሉ ያሰበው ነገር በነፋስ ወደ ጎረቤቱ ቀፎ ሊደርስ ይችላል። ርጭት ጨርሶ ይቅር ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ማሳውን ዞሮ መቁጠር፣ ከተቻለም ንብ በማትበርበት በማምሻ ሰዓት የተጎዳውን እምብርት ብቻ ማከም ብዙ ነገር ያድናል።

በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተሠራበት ዘዴም እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም፣ በዙሪያው የዝሆን ሣር ይተከላል፤ የዴስሞዲየሙ ሽታ የእሳት እራቷን ያባርራል፣ የዝሆን ሣሩም ይስባታል። ዴስሞዲየም አቀንጭራንም ይቀንሳል፤ ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ። የግጦሽ መሬት እየጠበበ በሄደበት አገር ለገበሬው ዓይን የሚገባው ምናልባት ይኸኛው ጥቅም ነው።

የዛፉ ነገር ከሰብሉ ይለያል። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራሊያ ሲገባ ዘሩ ብቻ መጣ፤ ቅጠሉን የሚበሉት ነፍሳት እዚያው ቀሩ። ለመቶ ዓመት ያህል ያለ ጠላት በማደጉ ሰዎች ተባይ የማይደፍረው ዛፍ ነው እስከ ማለት ደረሱ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በሜዲትራኒያን አካባቢ የታየችው፣ በቅጠሉ አጥንት ውስጥ እንቁላሏን ጥላ እብጠት የምታወጣው ትንሽ የባሕር ዛፍ ተርብ ወደ ኢትዮጵያም ደረሰች። የተዘነጋው ዕዳ ዘግይቶ ተጠየቀ።

በአዊ ምድር፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የተባለው የአውስትራሊያ ግራር ያመጣውን ለውጥ ሁሉ ያውቃል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱም ያርፋል። በአሲድ የተጎዳ መሬት ያገገመበት፣ የቆርቆሮ ቤት የተሠራበት ሥራ ነው፤ በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ኮረብታው ሁሉ የአንድ ዛፍ፣ የአንድ ዕድሜ ሆነ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዛፉ ላይ የተነሣው የዋግ በሽታ ብዙ ተክል አደረቀ። ዋግ ፈንገስ እንጂ ነፍሳት አይደለም። ቢሆንም ባሕር ዛፍን የደረሰበት ሕግ እርሱንም ይገዛዋል፤ ጠላቱን በአገሩ ትቶ የመጣ ተክል ጠላቱ እስኪደርስበት ድረስ ብቻ ነው የሚፈነጥዘው፤ ሲደርስበት ደግሞ መካከል ላይ የሚያግደው ሌላ ዓይነት ዛፍ ከሌለ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይሻገራል።

ይህንኑ ሕግ ለጥቅም ማዋልም ይቻላል። ቅንጨ አረም ከአሜሪካ ያለ ጠላቶቹ ገብቶ የግጦሹንና የማሳውን መሬት በወረረ ጊዜ ቅጠሉን ብቻ የሚበላ ጢንዚዛ ተፈትሾ በ2008 ዓ.ም. በወለንጪቲ ተለቀቀ። እንዲህ ያለ ነፍሳት የሚለቀቀው ሌላ ተክል እንደማይነካ፣ ጤፍና ኑግን የመሰሉ ሰብሎችም ቀርበውለት እንደማይበላቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በትግራይ የሆነው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የገባው ኮቺኒል የተባለው ነፍሳት ከታሰበለት ክልል አመለጠ፤ ሕዝቡ በክረምት የሚመገበውን፣ ከብቱም የሚኖርበትን በለስ አደረቀ። ቁልቋልን እንደ ጠንቅ በሚቆጥር አገር ይህ ነፍሳት ባለውለታ በሆነ ነበር። ነፍሳቱ በሁለቱም ስፍራ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ተባይ ወይም አጋዥ የሚል ስም የሚያወጣለት ተክሉን የሚፈልገው ወይም የማይፈልገው ሰው ነው።

ወደ ዳንግላ በቆሎ ለመመለስ፣ አንድ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። አገዳ ቆርቋሪውን ለማጥፋት ከድሮ ጀምሮ ሲሰጥ የኖረው ምክር አገዳውን ከአጨዳ በኋላ ማቃጠል ነው። ምክሩ በትሉ በኩል ትክክል ነው። በገበሬው በኩል ግን አገዳው የበጋ መኖ፣ የምድጃ ማገዶ፣ የጓሮ አጥር ነው፤ ስለዚህ አያቃጥለውም፤ ቢያቃጥልም ከብቱ ይራባል። በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው አገዳው ከመከመሩ በፊት ለአራት ሳምንት ያህል በማሳው ላይ ተነጥፎ ፀሐይ ከመታው በውስጡ ከተኙት ትሎች የሚተርፉት በጣም ጥቂት ናቸው። መኖውና ማገዶውም አይጠፋም። የሚያስቸግረው ያ አንድ ወር ነው፤ ከብት በልቅ የሚሰማራበት፣ የጎረቤት ልጅም ለማገዶ የሚለቅምበት ጊዜ ነውና አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ መንደሩ አንድ ላይ መስማማት ይኖርበታል።

ካልተስማሙ አገዳው እንደ ወትሮው በየደጁ ተከምሮ ይቆማል። ትሉም በውስጡ ተጠቅልሎ ጥርን፣ የካቲትን፣ መጋቢትን ያሳልፋል። የግንቦት ዝናብ ክምሩን ሲያረጥበው ይነቃል፤ ክንፍ አውጥቶም በማታ ወደ አዲሱ ቡቃያ ይበርራል።